የኩባንያው ሽማግሌ

ጥናት የሚባለውን ነገር የፈጠረው ሰው ሐይቅ ከተማ አድሮ አያውቅም ብዬ እገምታለሁ። አድሮ ቢሆን ኖሮ «ጥያቄውን በአጭሩ ጠይቁ፣ መልሱን በአጭሩ ተቀበሉ» የሚል መመሪያ አይጽፍም ነበር። እኛ ዘንድ በአጭሩ የሚጠይቅ ሰው የለም። መንገድ የጠፋበት ሾፌር እንኳ መስኮቱን አውርዶ «ወልድያ በየት ነው?» ብሎ ቢጀምር፣ የተጠየቀው ሰው ከመመለሱ በፊት «ይሄ ልጅ ምን ገጥሞት ነው?» እያለ ፊቱን ያያል። መጀመሪያ ሰላምታ አለ። ከዚያ የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ደህንነት ይጠየቃል። ጉዳይ የሚነሣው ሁሉም ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። አንዳንዴም ጉዳዩ ይረሳና ሰው ተመራርቆ ይለያያል።

እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ንግድ ሥራ አስተምራለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን ሐይቅ ነው። ይህን የሰማ አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ «የአካባቢው ሰው ነዎት፣ ጥናት ይሥሩልን» አለኝ። ኩባንያው የሚነግደው ክላውድ ኮምፒውቲንግ የሚባለውን ነው። ለማያውቁት ላስረዳ፦ የራሳችሁን ትልቅ ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ ሌላ ቦታ የተቀመጠውን በኢንተርኔት ትከራያላችሁ፤ መዝገባችሁን፣ ፎቷችሁን፣ ሥራችሁን ሁሉ እዚያ ታኖራላችሁ። ይህን ነገር ለዓመታት ሳስተምረው ቆይቼ እኔ ራሴ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ከኩባንያው የምታነጋግረኝ ሴት ወጣት፣ ፈጣን፣ አረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ሌላ የምትጀምር ናት። አለቃዬ እላታለሁ። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነበር። የሐይቅና የአምባሰል ተማሪዎች ስለዚህ ኢንዱስትሪ በልባቸው የያዙት ምስል ምን እንደሚመስል ማወቅ፣ ከዚያም ለክላውድ እዚህ አካባቢ ገበያ ይኖር እንደሆነ ማየት። በመጨረሻ፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «እግረ መንገድዎን ለስልጠና የሚሆኑ ልጆች ይምረጡልን» አለችኝ። ስልጠናው ደሴ ነው፤ የጨረሱት ሥራ ያገኛሉ። እግረ መንገድ የተባለው ይህ ነገር ነው እንግዲህ ዋናውን መንገድ ያስረሳኝ።

የሐይቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሰው ውጤት የሚጠብቁትን ልጆች ጠራልኝ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ። እኔም ለረጅም ጊዜ ደህንነታቸውን ስጠይቅ ቆይቼ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

«ስለ ኮምፒውተር ኢንዱስትሪ ምን ታስባላችሁ?»

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ለምን?»

«እርስዎ ይዘውት ስለመጡ።»

አንዱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ መጥፎ ነው ብንል ይከፋዎታል?»

«ኧረ አይከፋኝም።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

እንግዳ ነኝና ማን ያስቀይመኛል? ስለ ፋብሪካ ብጠይቅ ጥሩ፣ ስለ ባንክ ብጠይቅ ጥሩ፣ ስለ መቃብር ቁፋሮ ብጠይቅም ጥሩ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሒጃብ ያደረገችውም፣ ነጠላ የለበሰችውም መሬት መሬት ታያለች። እኔም «ይስማማሉ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ሳቁብኝ፤ ግን ያደግሁት እንዲህ ባለ አገር ነው። ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቅዳለች ተብሎ ስንት ሰርግ ተደግሷል። አለቃዬ ውጤቱን ስትሰማ በደስታ ጮኸች። «ምስላችን ይህን ያህል ጥሩ ነው ማለት ነው?» አለች። «ከዚህ የተሻለ ምስል ያለው የለም» አልኳት።

ከግቢው ልወጣ ስል ከዝምተኞቹ አንዷ ተከተለችኝ። ሐያት ትባላለች።

«መምህር፣ ያሉት ስልጠና እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሴትም ይወስዳል?»

«ለምን አይወስድም?»

«እንግዲያው አባቴን ያናግሩልኝ። እኔ ብነግረው አይሰማኝም። ሰው ሲነግረው ይሰማል።»

ከዚያ በእርጋታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ነገሩን ነገረችኝ። ታላቅ እህቷ ደላላ ባመጣው ወሬ ዐረብ አገር ሄዳለች። ስትሄድ የተባለው ሌላ፣ ደርሳ ያገኘችው ሌላ ሆነባት። አሁን አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ ስትደውልም ደህና ነኝ ብቻ ነው የምትለው። አባቷ ከዚያ ወዲህ ምሏል። ከእንግዲህ ሴት ልጅ ከዚህ ቤት የምትወጣው በሽማግሌ ብቻ ነው ብሏል። ሐያት ውጤቷ መጣም አልመጣም፣ አባቷ እሺ ካላለ ቤት ትቀመጣለች፤ ቤት ከተቀመጠች ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅቷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ አባቷን በደንብ አድርጌ እንዳናግርላት። ይህ ሸክም በዚያች ሰዓት ቀላል መስሎኝ ነበር።

አባቷ አያ ሰይድ በመናኸሪያው በኩል የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ገብቼ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ ተጨዋወትን፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ ተጨዋወትን። በዚህ መሀል ስልካቸው ባለፈው ከዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ ወድቆ ሐይቅ እንደገባ አጫወቱኝ። የደንበኞቻቸው ቁጥርም፣ ከደሴ የሚያስመጡት ጨርቅ ፎቶም አብሮ ሰጥሟል። እኔ በልቤ «ገበያ ተገኘ!» አልኩ።

«ክላውድ ላይ ቢያስቀምጡት እኮ አይጠፋም ነበር፣ አያ ሰይድ።»

«የት ነው እሱ?»

«ሩቅ ቦታ ነው። ትልልቅ ኮምፒውተሮች አሉ፤ እዚያ ይቀመጣል።»

«ማን ይጠብቀዋል?»

«ሰዎች አሉ።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«እኔ እንኳ አላውቃቸውም።»

ጨርቁን በክንዳቸው ለክተው ቆረጡ። «የኔ ስልክ የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ሐይቁ ውስጥ ነው።»

ገበያውን ለጊዜው ተውኩትና ወደ ሐያት ጉዳይ ዞርኩ። በቀጥታ «ልጅዎን ስልጠና ይላኳት» ብዬ ብጀምር ምን ነበረበት? ግን አፌ ያደገው ሐይቅ ነውና እንዲህ አለ፦

«ልጅዎ ሐያት አደብ ያላት ልጅ ናት። አይቻታለሁ። ስለ እሷ ሰዎች ልከውኝ ነበር።»

እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። «ከየት ናቸው?»

«አዲስ አበባ ናቸው። ጥሩ ስም ያላቸው፣ የተደላደሉ ናቸው። ወደዚህ አካባቢ መቅረብ ይፈልጋሉ። ልጅቱንም በደንብ ይይዟታል።»

አሁን ስጽፈው ላብ ያጠምቀኛል። በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ይህን ንግግር የሰማ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? እኔ ግን የንግድ ሥራ መምህር ነኝና የኮሚዩኒኬሽን ትምህርቴ እንዴት ያለ ፍሬ አፈራ እያልኩ ራሴን አደነቅሁ።

አያ ሰይድ ጨርቁን አጥፈው «ሰምቻለሁ» አሉ። «ከዘመድ ልምከርበት። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቤት ና። ግን ብቻህን አትምጣ፤ ትልቅ ሰው ይዘህ ና።»

እንዴት ያለ ጠንቃቃ አባት ነው አልኩ። እህቷ ባለፈችበት ነገር ምክንያት ምስክር ፈልገው ነው ብዬ አጎቴን ጋሽ አሰፋን ለመንኩ። ጋሽ አሰፋ በሕይወታቸው አንድ ነገር ይወዳሉ፤ ሽምግልና። «ለሰይድ ልጅ ጉዳይ ነው፣ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ልከውኝ ነው» ስላቸው ሌላውን ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን ለማሳጠብ ተነሡ።

እስከ ጁምዓ ድረስ ከተማው በሙሉ ወደደኝ። የባጃጅ ሹፌሩ «ሙባረክ ነው!» ብሎ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። ገበያ ውስጥ ሴቶች እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አንዷማ «ደስ የሚል ሥራ ነው የያዝከው፣ አላህ ያሳካልህ» አለችኝ። ጥናት እንዲህ ተወድዶ አይቼ አላውቅም። ማታውኑ ለአለቃዬ «ማኅበረሰቡ ጥናቱን በከፍተኛ ስሜት ተቀብሎታል» ብዬ ጻፍኩላት።

ጁምዓ ደረሰ። የአያ ሰይድ ቤት በሰው ሞልቷል። እዚህ ግባ የማይባል ስልጠና ለመስማት ይህ ሁሉ ዘመድ መሰብሰቡ ትንሽ ገርሞኛል፤ የምግቡ ሽታ ግን መገረሜን አስረሳኝና ሰተት ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። እጄን ወደ መሶቡ ስዘረጋ ጋሽ አሰፋ ኮቴን ከኋላ ይዘው ብድግ አደረጉኝ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» አሉ ጮክ ብለው።

«ኧረ ተቀመጡ» አሉ አያ ሰይድ።

«አንቀመጥም፣ አያ ሰይድ። እሺታውን ሳንሰማ እህል አንቀምስም።» ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጃችሁን ለልጃችን...» ብለው ጀመሩ።

ለልጃችን? የቱ ልጃችን? ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር ፊቴ ላይ የተዘረገፈው። የባጃጁ ሙባረክ፣ የገበያዋ ሴት፣ የታጠበው ጋቢ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ... የላከኝ እኮ ኩባንያ ነው» አልኩ።

ጋሽ አሰፋ አፋቸውን እንደከፈቱ ዞረው አዩኝ። አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው «አጃኢብ! ኩባንያም ኒካህ ያስር ጀመር?» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሴቶቹ በጓዳ በኩል፣ ወንዶቹ በሳሎን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ስለ ስልጠናው፣ ስለ ደሴ፣ ስለ ሥራው እየተርበተበትኩ አስረዳሁ። ሁሉም ሲስቅ ያልሳቁት አያ ሰይድ ብቻ ነበሩ።

«እኔ እኮ ልጄን ጠይቄያታለሁ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ። «ሰዎች መጥተዋል፣ የደህና ሰው ወገን ናቸው፣ ምን ትያለሽ አልኳት። ዝም አለች። እሺ ብላለች ብዬ ዘመዴን ጠራሁ።»

እኔ በስህተት ያመጣሁትን የሌለ ሙሽራ ይህች ልጅ ሌት ተቀን ተሸክማው ሰንብታለች። መንገድ ክፈቱልኝ ብላ የላከችኝ ልጅ ያው በር ሲዘጋባት ዝም ብላ አይታለች። ዝምታዋንም አባቷ ብቻ አይደሉም የተሳሳቱት፤ እኔም በትምህርት ቤቱ «ይስማማሉ» ብዬ ጽፌው አዲስ አበባ ድረስ ልኬዋለሁ። ይህንን በሰው ፊት መናገር አሳፈረኝ፤ ግን ተናገርኩ።

«አያ ሰይድ፣ ልጅቷን ይጥሯትና እንጠይቃት» አልኩ።

እናቷ ከጓዳ አመጧት። ሐያት በሩ አጠገብ ቆመች።

«ልጄ» አሉ አባቷ፣ «ለምን ዝም አልሽ? እኔ አባትሽ አይደለሁም?»

«አባዬ፣ አንተም መምህርም የጠየቃችሁኝ እሺ እንድል ነው» አለች። «እሺ እንድትል የተጠየቀች ሰው ምን ትላለች? እህቴንም እንዲሁ ጠይቀናት ነበር። እሷም ዝም አለች።»

አያ ሰይድ ጢማቸውን ይዘው ወለሉን አዩ። እናቷ በመጎናጸፊያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ልጄ ብትሆን ብዬ አሰብኩ፤ ሴት ልጅ የለኝም፣ ግን አሰብኩ።

«እሺ» አሉ አያ ሰይድ በመጨረሻ። «አሁን እምቢ ብትይም አልቆጣሽም። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ስልጠናውን እፈልጋለሁ። ግን መጀመሪያ የምጠይቀው አለኝ።»

በዚህ ጊዜ ነው ስልኬን አውጥቼ ለአለቃዬ የደወልኩት። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሶቡ አጠገብ አስቀመጥኩት። «ሰላም መምህር! ጥናቱ እንዴት እየሄደ ነው?» አለች፤ ስንት ጆሮ እንደሚሰማት አላወቀችም።

መጀመሪያ የጠየቁት አያ ሰይድ ናቸው። «እቴ፣ ልጄ ብትታመም ማን ያስታምማታል?»

«የሰው ኃይል ክፍል አለን፣ አባቴ።»

«ክፍል ነው ያልሽው? ክፍል እንዴት አድርጎ ያስታምማል?»

ከዚያ ሐያት ጠየቀች። «ስልጠናውን ስጨርስ እዚሁ ሐይቅ ሆኜ መሥራት እችላለሁ? መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ በኔ ጥፋት ነው የሚቆጠረው? ባይስማማኝስ፣ ማንም ሳይቆጣኝ መመለስ እችላለሁ?»

አለቃዬን ካወቅኳት ጀምሮ ስትዘገይ የሰማሁት ያኔ ነው። «እነዚህን ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለች። «ጠይቄ ልመለስ።» የሚገርመው፣ ዘመድ ሁሉ በዚህ መልስ ደስ አለው። የማያውቀውን አላውቅም ያለ ኩባንያ ሰምተው አያውቁም ነበርና። ጋሽ አሰፋም «እንግዲህ መቀመጥ ይቻላል» አሉና ቀድመውኝ መሶቡ ጋ ደረሱ።

መልሱ ከቀናት በኋላ በጽሑፍ መጣ። ከሐይቅ ሆኖ መሥራት ይቻላል፤ የመብራቱ ነገር በሠራተኛ ጥፋት አይቆጠርም፤ ያልተስማማት ትመለሳለች። ሐያት ደግማ ደጋግማ አነበበችውና «እሄዳለሁ» አለች።

እኔም ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ ጥናቱን እንደ አዲስ ጀመርኩ። በዚህኛው ጊዜ «ጥሩ ነው ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። «ምን ያስፈራችኋል?» አልኩ፤ ሴቶቹን ደግሞ ለብቻቸው አስቀመጥኳቸው። ኧረ የወሬው መዓት! የኮምፒውተር ሥራ አዲስ አበባ ዘመድ ላለው ነው አሉኝ። ሴት የሚቀጥሩት ስልክ ለማንሣትና ሻይ ለማቅረብ ነው አሉኝ። ከግሸን አፋፍ ሥር የመጣችው ልጅ ደግሞ፣ ወደኛ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣናል እንጂ ተመልሶ ፎቷችንን እንኳ አያሳየንም አለች። ሁሉንም እንዳለ ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበችና «ምስላችን ይሄ ነው?» አለች። «ይሄ ነው፣ እቴ» አልኳት። አልተቆጣችም፤ አዝና ነበር መሰለኝ።

ስልጠናው የሚጀመር ዕለት አያ ሰይድ ልጃቸውን ራሳቸው ደሴ ይዘዋት መጡ። እኔም አብሬያቸው ወደ ኩባንያው ቢሮ ወጣሁ። ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው፤ የተቀበሉን መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። አያ ሰይድ ጫማቸውን ላውልቅ አላውልቅ ብለው በሩ ላይ አመነቱ። ከገቡ በኋላ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ወጣቶቹም ምን እንደሚደረግ ሳይገባቸው አብረው ቆሙ። ከዚያ የሐያትን እጅ ይዘው ወደ ወጣቶቹ አቀረቡት።

«አደራዬን ተቀበሉኝ» አሉ።

እኛ አገር ይህ ቃል መልስ አለው። ልጅ ተሰጥታ ስትወጣ የሚረከበው ሰው እጁን ዘርግቶ «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ካላለ አባት አይለቅም። ወጣቶቹ ተያዩ። አንደኛው ፈገግ ለማለት እየሞከረ «እሺ... መታወቂያዋን ይዛለች?» አለ።

የአያ ሰይድ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት፤ ዐረብ አገር ያለችውን እያሰቡ እንደነበር አልጠራጠርም። የዚያችን እጅም እንዲሁ ይዘው ለማያውቁት ሰው አቅርበው ነበር። ልጃቸውን ይዘው ሊመለሱ ምንም አልቀራቸውም። እኔ በድንጋጤ «ተቀብያለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምኗን ነው የምቀበለው? አጎቷ አይደለሁ፣ ኩባንያው አይደለሁ።

ሐያት ግራ እጇን አንሥታ በአባቷ እጅ ላይ ደረበችው።

«ተቀብያለሁ፣ አባዬ» አለች።

አያ ሰይድ ብዙ አዩአት። «አሚን» አሉና እጇን ለቀቁ።